የቴሌቪዥኑን መስኮት መጀመሪያ ያዘዘው ማን ነው?

ገበጣን ማን ፈጠረው ቢባል ስም የሚጠራ የለም። በወሎ ገጠር እረኛው መሬቱን ጭሮ ጉድጓዶቹን ሲያበጅ፣ ጠጠሩን ቆጥሮ ሲያከፋፍል፣ ያስተማረኝ እገሌ ነው ይል ይሆናል እንጂ የፈለሰፈው እገሌ ነው አይልም። የገናም ጨዋታ፣ አኩኩሉም እንዲሁ ነው። ዘመኑ ርቋል፤ የጻፈም የለም፤ ስለዚህ ማንም አይወቀስበትም። የፈጠሩት ሰዎች በእኛው ዘመን የኖሩ፣ ስማቸውም በመዝገብ የሰፈረ ጨዋታ አባት እንደሌለው ሲቆጠር ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያወሳው ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ በቤት ውስጥ ስለሚሠራው የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ነው። ፈረንጆቹ መሣሪያውን «ኮንሶል» ይሉታል፤ የከተማ ልጅ ባጭሩ «ጌም» ይለዋል። ዛሬ ከደሴ ፒያሳ እስከ ሆጤ፣ ከዚያም ቁልቁል ወርዶ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ስለ ጌም ያልሰማ ጎረምሳ ማግኘት ያስቸግራል። ፕሌይስቴሽን ቤት ይገባል፤ ሒሳቡን ይከፍላል፤ ጆይስቲኩን ጨብጦ አርሴናልን ከማንቼስተር ያጋጥማል። የመጀመሪያው ጌም የቱ ነበር ተብሎ ቢጠየቅ «ፕሌይስቴሽን ነዋ!» ሊል ይችላል። ታላቅ ወንድሙ ይስቅበትና፣ ሱፐር ማሪዮ የሚባለውን ባለ ቆቡን ሰውዬ የሚያስሮጠውን የጥንቱን ዕቃ ይጠራለታል።

ሁለቱም ዘግይተው የመጡትን ነው የጠሩት። ፕሌይስቴሽን በጃፓን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ሱፐር ማሪዮ ብቅ ያለው በ1985 ነው። ከእነዚህ በፊት ግን ዛሬ ስማቸውን ከጥቂት አዋቂዎች በቀር የማያነሣቸው፣ በገበያ የወደቁ መሣሪያዎች ነበሩ። ጨዋታው ጨዋታ የሆነባቸው ዋና ዋና ፈጠራዎች የተገኙትም በእነዚያ በወደቁት ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ መሣሪያዎቹ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ የአገራችንን ታሪክ በተመለከተ ግን «ዓ.ም.» ካልኩ በራሳችን አቆጣጠር ነው።

አንድ ወገን ብቻ የሚናገርበት መስኮት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም ያገኘው የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በተከበረበት በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ቴሌቪዥን ከሬዲዮ የበለጠ ቢያስደንቅም በጠባዩ ከሬዲዮ አይለይም። እሱ ይናገራል፣ ሰው ያዳምጣል። እሱ ያሳያል፣ ሰው ያያል። የተመልካቹ ሥልጣን ከመክፈትና ከመዝጋት አያልፍም ነበር።

ለወሎ ሰው ይህ ተራ ነገር አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ወሎን የፈጀውን ረሃብ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም አነሣው፤ ፊልሙም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ምሽት ለአገር ቤት ተመልካች ቀረበ። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። መስኮቱ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ነገር ግን የቀረጸው ሌላ፣ ያቀናበረው ሌላ፣ የተመለከተው ሌላ ነበር። ወሎዬው ታየ እንጂ አላሳየም።

ይህን ያነሣሁት ረሃብንና ጨዋታን በአንድ ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ አይደለም፤ እግዜር ያሳይህ! የምለው ሌላ ነው። መስኮቱ በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። ወሎ በረሃብ በምትታመስበት በዚያው ዘመን፣ በውቅያኖስ ማዶ አንድ መሐንዲስ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ በኩል ይዞት ነበር። ጥያቄውም «ሰው ይህን መስኮት ከማየት በቀር ሌላ ምን ሊያደርግበት ይችላል?» የሚል ነው።

ስደተኛው መሐንዲስና ድምፅ የሌለው ሣጥን

ራልፍ ቤር በ1922 በጀርመን የተወለደ አይሁዳዊ ነው። የናዚዎች ጭቆና ሲበረታ በ1938 ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሸሸ። ልጁ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ትምህርት ተምሮ፣ ኋላም ሳንደርስ በሚባል፣ ለጦር ኃይሉ መሣሪያ በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ኃላፊ ሆነ። በነሐሴ 1966 ማብቂያ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ የሥራ ባልደረባውን ሲጠብቅ ሐሳቡ መጣለትና በማግስቱ በአራት ገጽ ጻፈው።

ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ቴሌቪዥን በአንቴናው በኩል የገባለትን ሁሉ ያሳያል፤ ከጣቢያ ይምጣ ከጎረቤት አይጠይቅም። እንግዲያው አንድ ትንሽ ሣጥን ሠርተን፣ የጣቢያውን ሞገድ የሚመስል ሞገድ ከሣጥኑ አውጥተን፣ በአንቴናው መግቢያ ብንልክለት የእኛን ነገር ያሳያል ማለት ነው። ቤርና ሁለት ባልደረቦቹ፣ ቢል ሃሪሰንና ቢል ረሽ፣ ይህንን ሣጥን እየጣሉ እየሠሩ በ1968 ለወግ አበቁት። እንጨት የሚመስል ወረቀት ስለለበሰ «ቡናማው ሣጥን» ተባለ። የቴሌቪዥን ፋብሪካው ማግናቮክስ ፈቃዱን ገዛና በመስከረም 1972፣ በእኛ 1965 ዓ.ም. ሲጠባ፣ «ኦዲሲ» ብሎ ለገበያ አቀረበው። ዋጋው 100 ዶላር ገደማ ነበር።

የዛሬ ልጅ ኦዲሲን ቢያይ ይህ ደግሞ ምኑ ጌም ነው ማለቱ አይቀርም። ኮምፒዩተር የለበትም፤ በሆዱ ያለው ወደ 40 ትራንዚስተርና 40 ዳዮድ ነው። ድምፅ የለውም። ቀለም የለውም። ነጥብ አይቆጥርም። በመስኮቱ ላይ የሚያወጣው ሦስት ነጫጭ አራት ማዕዘኖችንና አንድ መስመር ብቻ ነው። የቀረውን ሰው ይሞላዋል። ከሣጥኑ ጋር የተሳሉ ግልጽ የፕላስቲክ ወረቀቶች ይሸጣሉ፤ ወረቀቱ በቴሌቪዥኑ ፊት ሲለጠፍ ሜዳው፣ ቤቱ፣ ተራራው ይታያል። ዳይስ፣ የጨዋታ ገንዘብና ካርታም አብሮ ይመጣል። ነጥቡን ተጫዋቾቹ ራሳቸው በወረቀት ይጽፋሉ፤ ሕጉን ራሳቸው ይዳኛሉ። በዚህ በኩል ከፕሌይስቴሽን ይልቅ ለገበጣ ይቀርባል።

ኦዲሲ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ 350,000 ተሸጠ። ብዙዎች ግን ማግናቮክስ በሚሠራው ቴሌቪዥን ላይ ብቻ የሚሠራ መስሏቸው ሳይገዙት ቀሩ። ስሙንም የወሰደበት ሌላ ነው። ኖላን ቡሽኔል የሚባል ወጣት ነጋዴ በግንቦት 1972 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረገ የማግናቮክስ ማሳያ ላይ ተገኝቶ የኦዲሲን ቴኒስ አየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የእሱ ኩባንያ አታሪ «ፖንግ» የተባለውን፣ ሳንቲም እየበላ በመጠጥ ቤት የሚቆመውን ጨዋታ አወጣ። ማግናቮክስ ከሰሰ፤ በ1976 ነገሩ አታሪ የፈቃድ ገንዘብ ከፍሎ በስምምነት አለቀ። ፍርድ ቤት ያስከበረውን ግን ሕዝቡ ረሳው። ለብዙ ዘመን ሰው የቪዲዮ ጨዋታ አባት ማን ነው ሲባል ቡሽኔልን ሲጠራ ኖረ። ቤር የአገሩን የቴክኖሎጂ ሜዳልያ ከፕሬዚዳንቱ እጅ የተቀበለው በ2006 ነው፤ በ2014 በ92 ዓመቱ ሞተ።

የኒውዮርኩ ቴሌቪዥን ጠጋኝ

የኦዲሲ ጉድለት ትልቅ ነበር። ሣጥኑ የሚያውቃቸው ጨዋታዎች አብረውት የተወለዱት ብቻ ናቸው። ተከትለውት የወጡትም ቴኒስ ከሆኑ ቴኒስ ብቻ ናቸው፤ ሲሰለች ዕቃው ሞተ ማለት ነው። ይህንን የፈታው ሰው ጄሪ ላውሰን ይባላል።

ላውሰን በ1940 በኒውዮርክ ከተማ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ኩዊንስ በሚባለው የከተማዋ ክፍል አደገ። ገና በ13 ዓመቱ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አወጣ። በጉርምስናው ቤት ለቤት እየዞረ ቴሌቪዥን በመጠገን የኪሱን ያገኝ ነበር። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተከፈቱ ቴሌቪዥኖች መሐል ተቀምጦ በመበየጃው የሚያጨስ ወጣት ያየ ሰው ላውሰንን ለመገመት አይቸግረውም። ቤተ ሙከራው የሰው ቤት የተበላሸ ዕቃ ነበር።

በ1970 ፌርቻይልድ ወደሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ገባ። በጊዜው በዚያ ሙያ ጥቁር መሐንዲስ ማየት ብርቅ ነበር። በጋራዡ ውስጥ ለራሱ የሠራው የመኪና ግጭት ጨዋታ አለቆቹን አስደነቃቸውና አዲሱን የጨዋታ ክፍል እንዲመራ አደረጉት። አልፔክስ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩ ዋላስ ኪርሽነርና ሎውረንስ ሃስከል የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ጨዋታን ከመሣሪያው ነጥሎ በሚነቀል ነገር ላይ የማኖርን ሐሳብ አምጥተው ነበር። ሐሳቡ በሥጋ የታየው ግን በላውሰን ቡድን እጅ ነው። ሕፃን ልጅ መቶ ጊዜ ቢነቅለውና ቢሰካው የማይበላሽ፣ በእጅ የሚያዝ፣ የጨዋታውን መመሪያ በሆዱ የያዘ ቢጫ ሣጥን ሠሩ። ፈረንጆቹ ካርትሪጅ ይሉታል፤ እኛ ካሴት ብንለው ያስኬዳል።

መሣሪያው «ቻነል ኤፍ» ተባለ። በኅዳር 1976 በ169.95 ዶላር ወጣ። ማይክሮፕሮሰሰር የገባበት የመጀመሪያው የቤት ጨዋታ መሣሪያ እሱ ነው። ሌላም ሁለት ነገር ነበረው። መያዣው እንደ ዱላ በእጅ ተጨብጦ ወደ ስምንት አቅጣጫ ይገፋል፤ ይጠመዘዛል፤ ወደ ላይ ይሳባል፣ ወደ ታች ይጫናል። ሁለተኛው፣ ተጫዋቹ ጨዋታውን ለጊዜው የሚያቆምበት ቁልፍ ነው። እናት ጠርታው «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ ጆይስቲኩን የማይለቅ ልጅ ሁሉ ጨዋታውን አቁሞ ለመሄድ የቻለው ከዚያ ቁልፍ በኋላ ነው።

ቻነል ኤፍ በገበያው አንድ ዓመት እንኳ አልነገሠም። በመስከረም 1977 አታሪ የራሱን ባለ ካሴት መሣሪያ አወጣ። የአታሪው ጨዋታ የፈጠነ፣ ቀለሙ የደመቀ፣ ማስታወቂያውም የበዛ ነበር። በመጨረሻ የአታሪው 30 ሚሊዮን ገደማ ሲሸጥ የፌርቻይልድ ከጥቂት መቶ ሺህ አላለፈም። ላውሰን ከኩባንያው ወጣና የራሱን ሞከረ፤ አልቀናውም። በመጋቢት 2011 የጨዋታ ሠሪዎች ማኅበር አስታውሶ አከበረው። በሚያዝያ 2011 ሞተ። ክብሩ ከሞቱ የቀደመው በአንድ ወር ብቻ ነው።

የ1969ኙ ጥር

በቻነል ኤፍ ማግስት፣ በጥር 1977፣ አር.ሲ.ኤ. የሚባለው ስመ ጥር የሬዲዮና የቴሌቪዥን ኩባንያ «ስቱዲዮ 2» የተባለውን አወጣ። በእኛ 1969 ዓ.ም. ጥር መሆኑ ነው። ያ ወር በአገራችን የሚታወሰው በሌላ ነው፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ተቀናቃኞቻቸውን አስወግደው ሥልጣኑን ጠቅልለው የያዙበት ወር ነው። የደሴ ወጣት፣ በተለይም የወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት ተማሪ፣ በዚያ ሰሞን ስለ ቴሌቪዥን ጨዋታ የሚሰማበት ጆሮም ጊዜም አልነበረውም።

ስቱዲዮ 2 በርግጥ ብዙ የሚሰማለት አልነበረም። ቻነል ኤፍ ባለ ቀለም ሆኖ ሳለ እሱ ጥቁርና ነጭ ነው። ጆይስቲክ የለውም፤ ተጫዋቾቹ እንደ ስልክ ቁጥር መምቻ ያለ፣ በመሣሪያው ላይ የተተከለ ቁልፍ እየተጫኑ ይጫወታሉ። ሁለት ሰዎች አንዲት ሣጥን ላይ ተደፍተው እጅ ለእጅ ይጋፋሉ። አንድ ዓመት ከጥቂት ሳምንት ኖሮ ምርቱ ተቋረጠ።

ይሁንና ከዚህ ውድቀት ውስጥ ሁለት ነገር ወጥቷል። የመሣሪያውን ንድፍ የሠራው መሐንዲስ ጆሴፍ ዋይስቤከር ጆይስ የምትባል ሴት ልጅ ነበረችው። ጆይስ አባቷ ቤት ውስጥ በሚሞክራቸው ማሽኖች ላይ ፕሮግራም መጻፍ ተምራ፣ በ1976 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን እንደጨረሰች ለስቱዲዮ 2 የልጆች ማስተማሪያ ጨዋታ ጻፈች። በቤት ጨዋታ መሣሪያ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት የጨዋታ ደራሲ የምትባለው እሷ ናት፤ የታወቀችው ግን ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ሁለተኛው ነገር ማይክሮፕሮሰሰሩ ነው። በመደብር አቧራ የጠጣው የስቱዲዮ 2 አንጎል፣ 1802 የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ የማያባክንና በሕዋ ላይ ጨረር የሚችል ሆኖ ስለተገኘ በ1989 በተመጠቀችው ጋሊሊዮ መንኩራኩር ላይ ያው ዓይነቱ ተገጥሞ እስከ ጁፒተር ድረስ ሄደ። ገበያ የናቀው ሁሉ የማይረባ ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ሶሻሊስቶቹም ተጫውተዋል

በዚሁ ሰሞን ጄኔራል ኢንስትሩመንት የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ቴኒሱንና መሰሎቹን ስድስት ጨዋታዎች ጠቅሎ በአንዲት ቺፕ ውስጥ ከተታቸው። ቺፕዋ በ1976 ለማንም ገዢ ቀረበች። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ መሥራት የሊቅ ሥራ መሆኑ ቀረ፤ ቺፗን ገዝቶ፣ ቁልፍና ገመድ አያይዞ፣ በላስቲክ ሣጥን መክተት በቂ ሆነ። በአውሮፓም በእስያም በመቶ የሚቆጠሩ ሠሪዎች ተነሡ።

ለእኛ አንባቢ የሚገርመው የዚያች ቺፕ ጉዞ ነው። የቀዝቃዛው ጦርነት አጥር ሳያግዳት ሶቪየት ኅብረት ገብታ «ቱርኒር» የተባለው መሣሪያ ተሠራባት። ምሥራቅ ጀርመንም በ1980 አካባቢ በፍራንክፈርት ኦደር የቺፕ ፋብሪካ ውስጥ «ቢ.ኤስ.ኤስ. 01» የሚባል የቴሌቪዥን ጨዋታ ሠራችባት። ያች አገር በታሪኳ የሠራችው የቤት ጨዋታ መሣሪያ እሱ ብቻ ነው። ዋጋው ለሠራተኛው ኪስ ከብዶ ስለነበር አብዛኛው የገባው በየወጣት ማእከሉ ነው። ለቤት የታሰበው ዕቃ የጋራ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ለትምህርትና ለሥልጠና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይላኩ ነበር። ከመካከላቸው በአንዱ የወጣት ማእከል ቆሞ ያችን ነጭ ኳስ የገፋ ካለ ታሪኩን ቢጽፍልን መልካም ነበር።

የጨዋታ ቤት ልማድ እንግዲህ የደሴ ወይም የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ለብቻው ሊገዛው የማይችለውን ሰፈሩ በጋራ ይጫወተዋል። ጆተኒ በየመንገዱ ዳር፣ ከረንቡላ በየፑል ቤቱ፣ ኋላም ፊልም በየቪዲዮ ቤቱ የኖረው በዚህ ሕግ ነው።

የራሱን መስኮት ይዞ የመጣው

በቤት ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ያለው ቤተሰብ የሚያውቀው ጠብ አለ። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን አባት ዜና ይላል፤ ልጅ ጌም ይላል። ይህ ጠብ በአሜሪካም ነበረ። መፍትሔ ያመጣለት ጄይ ስሚዝ የሚባል ሰውና ባልደረቦቹ የነደፉት፣ በ1982 የወጣው «ቬክትሬክስ» ነው። ቬክትሬክስ የራሱ መስኮት አለው፤ ቴሌቪዥን አይፈልግም። ምስሉም እንደ ሌሎቹ በነጥብ የተሞላ ሳይሆን በቀጭን የብርሃን መስመር የተሳለ ነው፤ እርሳስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሮጥ ይመስላል። ቀለም ስላልነበረው እንደ ጥንቱ ኦዲሲ ባለ ቀለም ፕላስቲክ በፊቱ ይደረግበት ነበር።

ዕድሉ ግን ክፉ ነበር። በወጣ በዓመቱ የአሜሪካ የጨዋታ ገበያ ተደረመሰ። ቺፑ ረክሶ፣ መሥራት ቀልሎ፣ ማንም እየተነሣ የማይረባ ጨዋታ ገበያውን አጥለቀለቀው። ነጋዴው ዕቃውን በኪሳራ ጣለ። አታሪ ራሱ በመስከረም 1983 ያልተሸጡ ካሴቶቹን በጭነት መኪና አስጭኖ በኒው ሜክሲኮ በረሃ አስቀበረ፤ በ2014 ተቆፍረው ወጡ። ቬክትሬክስም በ1984 ምርቱ ቆመ። ኒንቴንዶ የሚባለው፣ ከ1889 ጀምሮ በኪዮቶ የመጫወቻ ካርታ ሲያትም የኖረ የጃፓን ኩባንያ «ፋሚኮም» የተባለውን መሣሪያ ያወጣው በዚያው በ1983 ነው። የሌሎቹ ቤት ሲፈርስ እሱ ሠራ፤ የዓለም ልጅ ሁሉ ማሪዮን ያወቀው በእሱ ነው።

ስም የለሹ ዕቃ

ፋሚኮም ወደ ድሃው ዓለም የደረሰው ግን በራሱ ስም አልነበረም። በታይዋንና በቻይና ያሉ ፋብሪካዎች ቺፖቹን ገልብጠው፣ በልዩ ልዩ ሣጥን ከትተው በርካሽ ይልኩት ጀመር። ሩሲያ ውስጥ «ዴንዲ»፣ ፖላንድ ውስጥ «ፔጋሰስ»፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ «ጎልደን ቻይና» ተባለ። በእኛ ከተሞች ከነጭራሹ ስምም አልነበረው፤ «ጌም» ነው፣ አለቀ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ከካሴት ማጫወቻውና ከባትሪ ድንጋዩ ጎን ተሰቅሎ የነበረውን ያስታውሷል። ካሴቱ ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው፤ በላዩ ላይ በሺህ የሚቆጠር ጨዋታ እንዳለበት ይጻፋል። ሲከፈት ግን ከደርዘን የማይበልጡ ጨዋታዎች ስማቸውን እየለወጡ ይመላለሱበታል። የቴሌቪዥኑ የአንቴና ገመድ ይነቀላል፤ የጌሙ ገመድ በቦታው ይሰካል። መብራት ሲጠፋ የተደረሰበት ደረጃ ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ከአንድ ይጀመራል።

ይህን ዕቃ ገልብጦ ማየት ለሚችል ሰው የወደቁት ሁሉ በውስጡ አሉ። በአንቴናው መግቢያ ሾልኮ ቴሌቪዥኑን ማታለል የቤር ነው። የሚነቀለው ካሴት የላውሰንና የአልፔክሶቹ ነው። ጨዋታውን ለጊዜው የሚያቆመው ቁልፍ ከቻነል ኤፍ የመጣ ነው። ካርቶኑ ላይ ግን የአንዳቸውም ስም የለም። የተጻፈው ስም የፋብሪካው እንኳ አይደለም፤ ያልታወቀ ሰው ለሽያጭ ያወጣው ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ ልጅ መስኮቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘዘው በዚህ አባቱ በማይታወቅ ዕቃ ነው። እስከዚያ ድረስ ቴሌቪዥን ከሩቅ ከተማ የሚላክለትን ዜና፣ የሌላ አገር ፊልም፣ አንዳንዴም የገዛ አገሩን መከራ የሚያይበት ነበር። አሁን ግን እጁ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ ውስጥ ያለው ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ሲሳሳት ይወድቃል፤ ሲማር ያልፋል። ወላጅ ጊዜ መግደያ፣ መምህር ከትምህርት ማዘናጊያ አለው። ስሞታው መሠረት የለውም አልልም፤ ትምህርቱን ጥሎ ጌም ቤት የዋለውን ሁላችን እናውቃለን። ስሞታው ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ፣ ላውሰንን ከተበላሸ ቴሌቪዥን ወደ ፈጠራ፣ ጆይስን ከአባቷ ቤት ማሽን ወደ ድርሰት የወሰደው ያው ጉጉት ነው። የተጫወተ ሁሉ አይፈጥርም፤ የፈጠሩት ግን ሁሉም ሣጥኑን ለመክፈት የደፈሩ ናቸው።

ይህ ጉጉት በአገራችንም ፍሬ ማሳየት ጀምሯል። አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ በ2018 እ.ኤ.አ. «ኩኩሉ» የሚባል፣ ከገበሬው እጅ ለማምለጥ የምትሮጥ ዶሮ ያለችበትን የስልክ ጨዋታ አውጥቷል። ዶሮዋም ገበሬውም የእኛ ናቸው፤ የሠሪዎቹም ስም ይታወቃል።

የሚቀረው የኋላውን መመዝገብ ነው። ዕቃው ላስቲክ ነው፤ ሲሰበር ይጣላል፤ ቺፑም ከቆሻሻ ጋር ይቀበራል። የከበረ ነው ብለን ያኖርነውም ቢሆን አይድንም፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ሳይቀር ተዘርፏል። ስለዚህ ትዝታውን ከዕቃው ጋር አብሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ደሴ ውስጥ የመጀመሪያውን ጌም ቤት የከፈተው ማን ነው? ለአንድ ጨዋታ ስንት ያስከፍል ነበር? ዕቃውን ከየት አመጣው፣ ሲበላሽስ ማን ጠገነለት? የኮምቦልቻ ልጆች ማሪዮን በምን ስም ይጠሩት ነበር? መልሱን የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ብዙዎቹም ገና ሽበት አልጀመራቸውም። የትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ልጆች አንድ ደብተርና አንድ መቅረጸ ድምፅ ይዘው በአንድ ክረምት ሊሰበስቡት ይችላሉ። የአሜሪካኖቹ ላውሰንን ለማስታወስ 35 ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ እኛ ያን ያህል የምንቆይበት ምክንያት የለም።